ቅሪተ አካል ፍለጋ ለምትወጣ ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ «ጋሼ፣ ቅሪተ አካል የሚገኝበት ቦታ በቅርብ አለ ወይ? አፋር ድረስ መሄዱን አቅሜ አይፈቅድም» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አለ። የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ሉሲ ስለሚሮጥ ነው እንጂ፣ አገራችን ከሰው ዘር አጥንት በብዙ እጥፍ የሚያረጅ የባሕር ዛጎል፣ የዛፍ ግንድና የቅጠል ቅሪት በየሸለቆው ይዛለች። ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼን እየመራሁ ከወረድኩባቸው ተዳፋቶች ያወቅሁትን በቁጥር አድርጌ ጻፍኩልህ። አንዳንዱን ያስረዘምኩት ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ስለሆነ ነው።

1. ጥቁሩን ድንጋይ ተወው።

የምንኖርበት ደጋ አብዛኛው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ በፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ሲበርድ ቤት የምንሠራበትና አጥር የምናጥርበት ጥቁር ድንጋይ ሆነ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያገኘውን አቃጥሎ ያልፋል እንጂ አጥንትና ቅጠል አያቆይም፤ እዚያ ላይ ስትፈልግ ብትውል ትርፉ ድካም ነው። ቅሪት የሚያቆየው ውኃ ወይም ነፋስ ተሸክሞ ያነጠፈው ጭቃ፣ አሸዋ፣ ኖራና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ዓይነት ቦታ ፈልግ። አንደኛው ወንዝ ጥቁሩን ድንጋይ ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን አሮጌ የባሕር ወለል ያወጣበት ገደል ነው። ሁለተኛው በአንዱና በሌላው የቅልጥ ድንጋይ ፍሰት መካከል ሐይቅ ወይም ረግረግ ቆይቶ ያለፈበት ስፍራ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ የድንጋይ ከሰል ይገኝበታል። ሦስተኛው የስምጥ ሸለቆ ደለል ነው። የትኛው የት እንዳለ ለማወቅ የጂኦሎጂ ካርታ ተመልከት። የአገራችን የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት በ1፡250,000 መጠን ያዘጋጃቸው ካርታዎች አሉ። በቀለም የተለያየውን ክፍል ከማብራሪያው ጋር አስተያይተህ «ኖራ ድንጋይ» የሚለውን ካገኘህ የግማሽ ቀን እግር ጉዞ ቀነስክ ማለት ነው።

2. የመጀመሪያ ትምህርት ቤትህ አባይ በረሃ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ ጎሃ ጽዮን ትደርሳለህ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት ሰው ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት እያየ፣ ጠመዝማዛውንም እየፈራ ያልፈዋል። አንተ ግን ስትወርድ የአገሪቱን ታሪክ ከላይ ወደ ታች እያነበብክ ነው። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ አለ። ከእሱ ሥር ነጣ ያለ፣ ቢጫነት ያለው፣ በደረጃ በደረጃ የተደረደረ ኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ውፍረቱ 400 ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ጂፕሰምና ልም ሸክላ የተቀላቀለበት ለስላሳ ተዳፋት አለ፤ ባለሙያዎች በከተማዋ ስም የጎሃ ጽዮን ድርድር ይሉታል። ወደ ወንዙ ስትጠጋ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ታያለህ።

የምትፈልገው ኖራ ድንጋዩን ነው። ዕድሜው ከ150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ በኩል የገባ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ከኦጋዴን እስከ ትግራይና እስከ ጎጃም ድረስ ተኝቶ ነበር። በዚያ ባሕር የኖሩት ዛጎሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ የባሕር ጃርቶችና ኮራሎች ዛሬ በመንገዱ ቁርጥና በየጎርፍ ቦዩ ተበትነው ይገኛሉ። የዚህ ኖራ ድንጋይ ስም ታሪክም ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲጓዝ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የጂኦሎጂ ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ሕንጣሎ አጠገብ ያየውን ይህን ኖራ ድንጋይ በቦታው ስም ጠራው፤ እስከ ዛሬም በዓለም መጻሕፍት መጠሪያው ያው ነው። ለጦርነት በተከፈተ መንገድ የመጣ እውቀት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ስሙ የእኛው አገር ስም ሆኖ በመቅረቱ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልብ በል። ዋናው አስፋልት ላይ ሆነህ አትፈልግ። ከባድ መኪኖች ፍሬን እያቃጠሉ የሚወርዱበት መንገድ ነው፤ ከላይ ደግሞ ድንጋይ ይናዳል። ከመንገዱ ወጣ ብለህ እረኞች የሚሄዱባቸውን የእግር መንገዶች ያዝ።

3. የወደቀውን አይተህ ወደ ላይ ውጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ይህ ነው። ጀማሪ መዶሻ ይዞ ገደሉን መፈርከስ ይጀምራል። አዋቂው ግን መዶሻውን ቤቱ ትቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በዝግታ ይሄዳል። ዝናብና ፀሐይ ከአንተ በፊት ለሺህ ዓመታት ሲቆፍሩ ኖረዋል፤ ያወጡትንም ከተዳፋቱ ግርጌ አስቀምጠውልሃል።

ከቦዩ አፍ ጀምር። ጠጠሩ መካከል አንድ የዛጎል ቁራጭ ስታይ ቁጭ በል፤ ዙሪያውን በክንድህ ርዝመት ያህል አጥርተህ ተመልከት። ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ላይ ውጣና እንደገና ቁጭ በል። ቁራጮቹ እየበዙ፣ ጠርዛቸውም እየሰላ ከሄደ ወደ ምንጩ እየቀረብክ ነው። በድንገት ከጠፉ አልፈኸዋል፤ ድንጋይ ወደ ላይ አይንከባለልምና። ተመልሰህ መጨረሻ ያየህበትና የጠፋበት መካከል ያለውን ንጣፍ ብትፈትሽ ዛጎሎቹ ከነበሩበት አልጋ ሳይነሱ ተጣብቀው ታገኛቸዋለህ። ያ ንጣፍ ደግሞ በአንድ ቦታ አያበቃም። በዓይንህ ይዘኸው ተራራውን ዙር፤ በሚቀጥለው ሸንተረር ላይ በዚያው ከፍታ አካባቢ ይጠብቅሃል። ሌላ ሰው ያላሳየህን አዲስ ቦታ የምታገኘው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ንጣፍ በደንብ የሚያውቅ ሰው አሥር ቦታ ከሚያካልል ሰው ይበልጥ ያያል።

4. ያየኸውን ለይተህ እወቅ።

ሦስት ዕቃ ይበቃሃል፤ ማጉያ መነጽር፣ ደብተርና ትንሽ ጠርሙስ አቼቶ። ኖራ ድንጋይ መሆኑን ከተጠራጠርክ ጫር ጫር አድርገህ ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርግ፤ ኖራ ከሆነ አረፋ ያወጣል። ይህን የምታደርገው በተራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ቅሪቱ ላይ እንዳትሞክረው።

በአባይ ኖራ ድንጋይ ውስጥ በብዛት የምታገኘው ብራኪዮፖድ የሚባለውን ነው። ብዙ ሰው ተራ ዛጎል ይለዋል። አንዱን መሬቱ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብለህ ተመልከተው። ባቄላ ወይም ዋልነት የሚያህል ድቡልቡል ነው፤ ሁለት ክዳን አለው። ከጎን ስታየው አንዱ ክዳን ከሌላው ይበልጣል። ከፊት አድርገህ መሃሉን በሐሳብህ ብትከፍለው ግን ግራና ቀኙ ልክ አንድ ይሆናል። ትልቁ ክዳን ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ የቆለመመ መንቁር አለ፤ በመንቁሩ ላይ በማጉያ ብታይ ክብ ቀዳዳ ታገኛለህ። እንስሳው በሕይወት ሳለ በዚያ ቀዳዳ በኩል ባወጣው ግንድ ከባሕሩ ወለል ጋር ተጣብቆ ይኖር ነበር። በሌላው ዓይነት ዛጎል፣ ማለትም በሐይቅና በባሕር ዳር ዛሬም በምናየው፣ ሁለቱ ክዳኖች እርስ በርስ እኩል ናቸው፤ አንዱ ክዳን ለብቻው ግን ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። ይህን ልዩነት ለማየት ዓይንህ ከሠለጠነ ግማሹን ሥራ ጨረስክ።

የሚያታልሉም አሉ። በድንጋይ ስንጥቅ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል ጥቁር ሥዕል ብታይ አብዛኛውን ጊዜ ማንጋኒዝ ነው፤ ማዕድን በስንጥቁ ሰርጎ የሣለው። ድቡልቡል ድንጋይ ሁሉ እንቁላል አይደለም። በጂፕሰሙ ተዳፋት ላይ የሚያብለጨልጨው ስስ ቅጠልም የማዕድን ፍሬ ነው።

5. ሌሎቹን ስፍራዎች በየተራቸው።

መቀሌ የምትሄድበት አጋጣሚ ካለ በዙሪያዋ የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ አለ፤ ብዙ ቤቶቿም በኖራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። የአጥሩን ግንብ ቀረብ ብለህ ብታይ ዛጎል ልታገኝበት ትችላለህ፤ ለዚህ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግህም። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረው በዚያ ዘመን ኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

ጎንደር ላለ ዘመድህ ደግሞ ጭልጋን ንገረው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በዚያ አካባቢ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናቸው የዛፍ ግንዶች፣ ቅጠሎችና የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። የዝሆን የሩቅ ቀዳማዮችና አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየም የተባለው አውሬ ከዚያ ወጥተዋል። ግንዱ በበቀለበት ቆሞ ወደ ድንጋይ የተለወጠበት ቦታ አለ። በሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የሐይቅ ጭቃ ውስጥ ቅጠሎች ከነጅማታቸው ተጠብቀው ይገኛሉ። እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው ቀይ ጭቃማ ንጣፍ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። እነዚህ ሦስቱ ለጀማሪ ብቻውን የሚሄድባቸው አይደሉም፤ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወይም ከባለሙያ ጋር ሂድባቸው።

መልካ ቁንጡሬን ግን አሁኑኑ ልታየው ትችላለህ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙዚየምም አለው። ባልጪት ከተባለው አጎራባች ስፍራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎምቦሬ በተባለው ክፍሉ 700,000 ዓመት የሚሆነው የሰው እግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከመካከሉ የሕፃናት አለበት። ይህን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 ለይቶ ያወቀው ጌራርድ ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ነው፤ ሙያው የውኃ ጥናት ነበር እንጂ ቅሪተ አካል አልነበረም። አንተም በሌላ ሙያህ በኩል ስትሄድ ዓይንህን መክፈት ብቻ ሊበቃህ እንደሚችል ከዚህ እወቅ።

6. ወቅቱ ከመስቀል በኋላ ነው።

ክረምቱ ተዳፋቱን አጥቦ አዲስ ገጽ ያወጣል። ጭቃው እስኪጠና ታግሠህ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ውጣ። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታ ትንሿ ዛጎል እንኳ ጥላ ይኖራታል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ድንጋይ አንድ ይመስላል። ሉሲም የተገኘችው በዚህ ወቅት፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ጎርፍ ያጋለጠው ተዳፋት ላይ መጀመሪያ የታየው የክንድ አጥንት ቁራጭ ነበር። ቀኑ ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት የረሸነበት ማግስት ነው። የእኔ ትውልድ ያንን ሳምንት በሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ልዩነት መሆናቸውን ሳስብ ግን ዛሬም ልቤ ይነካል።

7. ካገኘኸው አታንሣው።

ይህን የምልህ ሕጉን ፈርተህ ብቻ እንድትተወው አይደለም፤ ሕጉን ግን አስቀድሜ ልንገርህ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ማካሄድ ክልክል ነው። ሳያስበው ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። በሌላ አገር ሰዎች ከባሕር ዳር የሻርክ ጥርስ ለቅመው ቤታቸው ሲደረድሩ በምስል አይተህ ይሆናል፤ የእነሱ ሕግ ፈቅዶላቸዋል። የእኛ አይፈቅድም፤ አለመፍቀዱም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ከቦታው የተነሣ ቅሪት አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው። ባለሙያው ዕድሜውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ከቅሪቱ ራሱ ሳይሆን ከተኛበት ንጣፍ፣ በተለይም ከሥሩና ከላዩ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አንተ በኪስህ ከትተህ ከተማ ስታመጣው አጥንቱ ይተርፋል፤ ዕድሜው፣ ጎረቤቶቹ፣ የኖረበት ዓለም ግን ተዳፋቱ ላይ ይቀራል።

በአፋር ወራንሶ ሚሌ እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነውን ተመልከት። አሊ በሬይኖ የሚባል የአካባቢው ሰው አንድ የላይኛው መንጋጋ አገኘ፤ ለቅሪተ አካል ተመራማሪው ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድንም አሳወቀ። ቦታው ስለታወቀ ቡድኑ ዙሪያውን ሲፈትሽ የቀረው የራስ ቅል እዚያው በጥቂት ሜትር ርቀት ተገኘ። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቅ ራስ ቅል ሆኗል። አሊ መንጋጋውን ለመንገደኛ ሸጦት ቢሆን ኖሮ ቀሪው አፈር ውስጥ ይጠፋ ነበር። በዚያው በአፋር በሌዲ ገራሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ቻላቸው ስዩም ገና ተማሪ ሳለ ያገኘው 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው መንጋጋም ክብሩን ያገኘው ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ስለታወቀ ነው።

ስለዚህ የአንተ ስብስብ ደብተርህ ይሁን። ቅሪቱን ከነአካባቢው አንሣው በፎቶ፤ አንዱ ከቅርብ፣ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አጠገቡ አድርገህ መጠኑ እንዲታወቅ፤ ሌላው ከሩቅ፣ ሸንተረሩና ሰማዩ እንዲታይ። የስልክህ ቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) ኔትወርክ በሌለበት ገደል ውስጥም ይሠራል፤ የቦታውን ቁጥር ጻፍ። ከአልጋው ሳይነቀል ያየኸው ነው ወይስ ተንከባሎ የወረደ? የድንጋዩ ቀለም ምንድን ነው? በላዩና በሥሩ ምን አለ? ቀኑንስ? የዛጎል ንጣፍ ከሆነ ማስታወሻህ ለአንተና ለተማሪዎች ይበቃል። አጥንት ወይም ጥርስ የመሰለ ነገር ካየህ ግን ጣትህን ሳታሳርፍ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በቀጥታ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አመልክት። ትክክለኛውን ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቅ፤ ከባለሙያው በፊት ነጋዴው ይደርሳል።

8. ከሰው ጋር በሰላምታ ጀምር።

ባዶ የሚመስልህ ገደል ባለቤት አለው። መንደር ስትደርስ መጀመሪያ ቀበሌ ሂድና ማንነትህን፣ ለምን እንደመጣህ ተናገር፤ ከትምህርት ቤትህ የድጋፍ ደብዳቤ ብትይዝ መልካም ነው። ወርቅ ፈላጊ ነው ተብሎ መጠርጠር ቀላል ነው፤ መጠርጠራቸውም አያስቀይምህ። የማሳው ጌታ ሳይፈቅድልህ ድንበሩን አትለፍ። ቡና ሲፈላ ከጠሩህ ተቀመጥ፤ «የባሕር ዛጎል የመሰለ ድንጋይ የት ይታያል?» ብለህ ብትጠይቅ እረኛው ከካርታው የተሻለ ያሳይሃል። ልጆች በእጃቸው ድንጋይ ይዘው ሲመጡ ግን ገንዘብ አትስጣቸው። ዛሬ የከፈልከው አንድ ብር ነገ ገደሉን በዶማ ያስፈርሳል። ይልቁንስ ያነሡበትን ቦታ እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ ማጉያውን ስጣቸውና አብረው ይዩ።

9. ነፍስህን ጠብቅ።

ብቻህን አትውረድ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሣትህ በፊት እዚያው ካሉ ሰዎች አጣራ። አባይ በረሃ ግርጌው ሙቀት ነው፤ ከምታስበው እጥፍ ውኃ ያዝ፤ መውጣቱ ከመውረዱ እንደሚብስ አትርሳ። በተንጠለጠለ ድንጋይ ሥር አትቀመጥ። ቆላ የምታድር ከሆነ አጎበር ያዝ።

10. ከመሄድህ በፊት ዓይንህን አሠልጥን።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግባና ከሉሲ አዳራሽ ቶሎ አትውጣ። ሰው ሁሉ እሷን አይቶ ይወጣል፤ አንተ በየመስታወቱ ውስጥ ያሉትን የአሳማ፣ የዝሆንና የፈረስ ጥርሶች ተመልከት። ሜዳ ላይ ሰው ከሚያገኛቸው አጥንቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የንጣፍን ዕድሜ ለመገመትም የአሳማ ጥርስ ትልቅ ምስክር ነው። የእያንዳንዱን ቅርጽ በእርሳስ ሣል፤ እጅ የሣለውን ዓይን አይረሳም።

ኅዳር ሲጠባ ጎሃ ጽዮን ሂድ። አንዲት የዛጎል ንጣፍ አግኝተህ በሁለት ሸንተረር ላይ ከተከተልካት ሥዕሏንና ማስታወሻዋን ላክልኝ፤ በየመስመሩ አርሜ እመልስልሃለሁ።